ስለ አስተማማኝነት፦ አሮጌው መኪና፣ አዲሱ መኪናና እኛ

ባለፈው ኅዳር ወር በስካይዌይ፣ በአንድ ጓዳችን ቤት በተደረገው የውይይት ክበባችን ስብሰባ ላይ ልንወያይበት ያሰብነው ርእስ ሌላ ነበር። ይሁን እንጂ ስብሰባው አልቆ ወደየቤታችን ልንበተን ስንነሣ ከደጅ የቆሙ ሁለት መኪናዎች ያልታሰበ ርእስ ሰጡን። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ባለቤቷም በዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነዱ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አባት ናቸው። ሁለተኛዋ ከተገዛች ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ ዕዳዋም ገና ተከፍሎ ያላለቀ የአንዲት ጓዳችን መኪና ናት። በዚያ ዝናባም ሌሊት አዲሷ መኪና አልነሣም አለች። ቢጫ መብራት ብልጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ። ኮፋኖውን ከፈትነው፤ ከጥቁር የፕላስቲክ ክዳን በቀር ለዓይናችን የታየ ነገር አልነበረም። ጓዳችን በማግሥቱ ወደ ሻጩ ድርጅት ስትደውል መኪናዋ ተጎትታ እንድትመጣ፣ የምርመራው ተራም ከዘጠኝ ቀን በኋላ እንደሚሆን ተነገራት። በዚያች ሌሊት ግን አምስት ሰዎች በአሮጌዋ ኮሮላ ተጨናንቀን ወደየቤታችን ገባን። ጋሼ መሪውን እንደ ያዙ፣ «ይቺኛዋ ስትታመም ትናገራለች፤ ያቺኛዋ ስትታመም ዝም ትላለች» አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ይህ አነጋገር ክርክር አስነሣ። ከፊላችን የጥንቱ ዕቃ ያልተወሳሰበ በመሆኑ የበለጠ ይታመናል ስንል፣ ከፊላችን ደግሞ ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ወደ ኋላ የሚጎትት ናፍቆት እንጂ ትንተና አይደለም አልን። ክርክሩ እየሰፋ በሄደ መጠን የምንነጋገረው ስለ መኪና ብቻ እንዳልሆነ ተገነዘብን። አንድን ነገር «አስተማማኝ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው? የምናምነውስ ማንን ነው? ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

1. የአሮጌው መኪና ምስክርነት

በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው መኪናዎች አሉ። ቮልስ፣ ሰይቼንቶ፣ በኋላም በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የገባችውና ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የከተማው ታክሲ የሆነችው ላዳ የከተማው መልክ አካል ነበሩ። በአገር አቋራጩ መንገድ ላይ ደግሞ ኤንትሬ ተብሎ የሚጠራው የፊያት የጭነት መኪና አቀበቱን ሲያቃስት ይሰማ ነበር።

እነዚህ መኪናዎች ስማቸውን በከንቱ አላገኙትም። የቮልስ ሞተር ከኋላ የተቀመጠ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተር የለውምና ውኃ አያፈላም፤ ውኃ በሌለበት በረሃም አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተመርተዋል። ላዳም የተወለደችው ከጣልያኑ ፊያት 124 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶልያቲ ከተማ ሲሠሯት የሶቪየት መሐንዲሶች ቆርቆሮዋን አወፍረው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ባትሪ ቢደክም በእጅ ማዞሪያ እንድትነሣ አድርገው ለመጥፎ መንገድና ለብርድ አዘጋጇት። የደከመ አስፋልትና ኮረኮንች ለበዛበት አገራችን የተሠራች እስክትመስል ድረስ ተስማማችን።

ከሁሉ በላይ ግን የእነዚህ መኪናዎች አስተማማኝነት የተመሠረተው በሚሰበሩበት ጊዜ በሚሆነው ነገር ላይ ነበር። የቤንዚን ሞተር አልነሣ ሲል የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ነዳጅ ይደርሳል ወይ? እሳት አለ ወይ? እመቃ አለ ወይ? በአንድ ጋራዥ ስድስት ወር የሠራ ልጅ ካንዴላውን ፈትቶ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ፣ ብልጭታውን በዓይኑ አይቶ መልሱን ይሰጣል። መለዋወጫው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ካልተገኘም ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፣ ከሌላ መኪና ተፈትቶ ይገጠማል። ዕውቀቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅና በዓይን የሚተላለፍ ስለ ነበረ ባለቤቱ ሰፊው ሕዝብ ነበር።

የጋራዣችንን ቋንቋ ልብ ብሎ ያዳመጠ አንድ ነገር ይገነዘባል። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ኮፋኖ፤ ቃላቱ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ፤ ከቃሉም ጋር ሙያው ቀረ። የማናውቀው ቋንቋ ሙያውን ከመውረስ አላገደንም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

2. ለናፍቆት የተደበቀው ሂሳብ

ይሁን እንጂ ትንተናችን እዚህ ላይ ቢቆም ራሳችንን ማታለል ይሆናል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ዛሬ የምናያቸው አሮጌ መኪናዎች ከሞት የተረፉት ብቻ ናቸው፤ ወድቀው የቀሩት እንደ ብረት ቀልጠው ምስክርነታቸውን ለመስጠት አልቻሉም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የጥንቶቹ መኪናዎች የተጓዙበትን ማይል የሚቆጥረው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አምስት አኃዝ ብቻ ነበረው፤ 100,000 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከዚያ አልፎ ይሄዳል ብለው ብዙም አልጠበቁም። ዛሬ ግን በዚህ በአሜሪካ በመንገድ ላይ ያሉት መኪናዎች አማካይ ዕድሜ ከ12 ዓመት በላይ ሆኗል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከሁሉም የሚከብደው የሕይወት ጉዳይ አለ። ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 የመኪና ፋብሪካዎች ለሰው ሕይወት ያላቸውን ንቀት በመጽሐፉ ሲያጋልጥ፣ በቀጣዩ ዓመት በ1966 የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጣ። በዚያን ዓመት በአሜሪካ በየ100 ሚሊዮን ማይል ጉዞ 5.5 ያህል ሰዎች ይሞቱ ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ወደ 1.3 ገደማ ወርዷል። ለዚህም የመንገዱና የሕክምናው መሻሻል ድርሻ ቢኖረውም፣ ቀበቶው፣ የአየር ከረጢቱ፣ ግጭትን የሚውጠው አካልና ፍሬኑን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ ድርሻቸው ከፍ ያለ ነው። የምንወዳት ቮልስ የቤንዚን ጋኗን ከተሳፋሪው እግር ፊት ለፊት ተሸክማ የምትሄድ መኪና መሆኗን መርሳት የለብንም። በእርሳስ የተበከለው ቤንዚንም ከዓለም መንገዶች ፈጽሞ የጠፋው ገና በ2021 ነው፤ እስከዚያው ድረስ የጢሱ ተካፋዮች መኪና የሌላቸው የመንገድ ዳር ሕፃናት ጭምር ነበሩ።

በመጨረሻም የኤንትሬውን ረዳት እናስታውስ። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ከኋላ ዘሎ ወርዶ ታኮ የሚወሽቀው፣ ሌሊት ከጭነቱ ላይ የሚያድረው፣ ከሥሩ ተኝቶ ዘይት የሚፈስበት ልጅ ነበር። የፍሬኑ አስተማማኝነት በከፊል የዚያ ልጅ እጅና እግር ነው። ስለዚህ «ድሮ ቀላል ነበር» በሚባልበት ጊዜ ሁሉ መከተል ያለበት ጥያቄ፣ «ለማን?» የሚለው ነው።

3. የሚዋሽ ዕቃ

እንግዲህ አሮጌው በጥገናው፣ አዲሱ በደኅንነቱ ከበለጡ ክርክሩ አቻ ወጣ ብለን መበተን እንችል ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ይቀራል።

በቋንቋችን እምነት፣ ታማኝ፣ መታመንና አስተማማኝ የሚሉት ቃላት ሁሉ የሚወለዱት ከአንድ ሥር ነው። ታማኝነት የሰው ጠባይ ነው። ብረት አይከዳም፤ ብረት ይዝጋል፣ ይሰበራል እንጂ። ስለሆነም አንድን ዕቃ ስናምን የምናምነው ከዕቃው በስተጀርባ ያሉትን ሰዎች ነው። በአሮጌው መኪና ዘንድ እነዚህ ሰዎች ቅርብ ናቸው፤ መካኒኩ የሰፈር ሰው ነው፤ ቢያታልል በዕድር ይወቀሳል፣ በገበያ ይታማል። በአዲሱ ዘንድ ግን ሩቅ ናቸው፤ ፊታቸው አይታይም፤ ትእዛዛቸው በኮምፒዩተር ውስጥ ተጽፎ ተቆልፏል።

የቮልስ ሠሪ የሆነው ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የቮልስዋገን የናፍጣ መኪናዎች በውስጣቸው የማጭበርበሪያ ፕሮግራም እንደ ያዙ አስታወቀ። መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጢሱን ያጠራል፤ ወደ መንገድ ሲወጣ ከሕግ በላይ እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ መርዝ ይለቃል። ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ይህ ፕሮግራም እንዳለባቸው አመነ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አሮጌዋ ቮልስ ጢሷ የባሰ ነበር፤ ነገር ግን ጢሷን ሁሉም ያየው ነበር። ልትቆም ትችላለች እንጂ ልትዋሽ አትችልም ነበር፤ ለመዋሸት የሚያስችል አካል አልነበራትምና።

4. ከኮረብታው ግርጌ

ስካይዌይ በሲያትልና በሬንተን ከተሞች መካከል ባለው ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ከሁለቱም ወሰን ውጭ ሆና በኪንግ ካውንቲ የምትተዳደር ሰፈር ናት። ከኮረብታው ቁልቁል በዋሽንግተን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ የሬንተን አውሮፕላን ማረፊያና የቦይንግ ፋብሪካ ይገኛሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 ቁጥር በረራ፣ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ተገጣጥሞ የወጣው ከዚህ ፋብሪካ ነው። 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ተመሳሳዩ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። እኛ የስካይዌይ ነዋሪዎች ይህን ፋብሪካ በየዕለቱ እያየን ስለ አስተማማኝነት ስንከራከር፣ ክርክሩ የጨዋታ ሊሆንልን አይችልም።

ምን እንደ ተፈጸመ ዛሬ ይታወቃል። በአውሮፕላኑ ውስጥ አፍንጫውን በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ተተክሎ ነበር። አውሮፕላኑ የነፋስን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች እያሉት፣ ሥርዓቱ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንዱ ብቻ ነበር፤ ያ አንዱ ሲሳሳት የሚያርመው አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ግን የኢንዶኔዥያው አደጋ እስከ ደረሰበት ጊዜ ድረስ ስለ ሥርዓቱ አሠራር በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ ማብራሪያ አለመገኘቱ ነው። የ302 በረራ ከወደቀ በኋላ ጣት ወደ አብራሪዎቹ ሲቀሰር፣ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ የታዘዘውን ደጋግመው እንደ ፈጸሙ ገለጸ። በጥር 2021 ደግሞ ኩባንያው የመንግሥትን ተቆጣጣሪዎች አሳስቷል በመባል በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ተከሶ፣ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ «ውስብስብ ነገር ገዳይ ነው» የሚል ትምህርት የሚወስድ ይሳሳታል። ሥርዓቱ ሁለቱንም መሣሪያዎች የሚያነጻጽር ቢሆን ኖሮ የበለጠ ውስብስብ፣ የበለጠም ደኅና በሆነ ነበር። ጥፋቱ ያለው ከሌላ ስፍራ ነው፤ ሕይወቱን በዕቃው ላይ የጣለው ሰው ስለ ዕቃው ማወቅ የሚገባውን እንዳያውቅ በመደረጉ ነው። መሪውን የያዘው እጅ አንድ፣ ምስጢሩን የያዘው እጅ ሌላ ሆነ። አደጋው ሲደርስም መጀመሪያ የተጠየቀው ምስጢር የተነፈገው ወገን ነበር።

5. ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ይህ ጉዳይ ዛሬ በአገራችን ትኩስ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በምትኩ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እንዲገቡ አደረገ። ምክንያቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዝ ይመነጫል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ተመርቋል።

ደግሞም የኤሌክትሪክ ሞተር ከቮልስም ሞተር ይልቅ ቀላል ነው። ካንዴላ የለውም፤ ካርቡራተር የለውም፤ ፍሪሲዮንና ማርሚታ የለውም። የሚንቀሳቀሱት ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። በዚህ በኩል ሲታይ አዲሱ ወደ ቀላልነት ተመለሰ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ባትሪውን የሚገዛው፣ መኪናው ይሂድ ወይም አይሂድ የሚለው ፕሮግራም የሠሪው ምስጢር ነው። ወደ አገራችን ከገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው መስኮታቸው የሚናገረው ቻይንኛ ነው፤ በሙሉ ዕውቀት የሚጠግኗቸው ጋራዦችም እጅግ ጥቂት ናቸው። ባለሙያው ብረቱን ሊፈታ ይችላል፤ ፈቃዱን ግን ሊፈታ አይችልም።

መካኒኮቻችን ቻይንኛውን አይችሉም የሚል ክርክር ሲቀርብ ሰምተናል። ከላይ በልብ እንዲያዝ የለመንነው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ አባቶቻቸው ጣልያንኛም አይችሉም ነበር። ሙያውን የወረሱት ኮፋኖው ክፍት ስለ ነበረ ነው። እንቅፋቱ ቋንቋ ሳይሆን ቁልፍ ነው። ይህም የድኻ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በዚህ በሀብታሙ አገር የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ የገዛ መኪናውን መረጃ ለመረጠው መካኒክ የማሳየት መብቱን ለማስከበር በ2012ና በ2020 ሁለት ጊዜ ድምፅ መስጠት ግድ ሆኖበታል።

የጓዳችን መኪና መጨረሻ ይህንኑ አረጋገጠልን። ተራዋ ከመድረሱ በፊት ጋሼ ከኮሮላቸው ጓዳ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አውጥተው ከአዲሷ መኪና መሪ ሥር ሰኩ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ የብክለት መቆጣጠሪያውን ጉድለት በአንድ ዓይነት ምልክት እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድዳል። መሣሪያዋ ሁለት ምልክቶች አነበበች። አንደኛውን ጋሼ ከነትርጉሙ ነገሩን፤ ሁለተኛው የሠሪው የራሱ ምልክት በመሆኑ ትርጉሙ ተሰወረብን። ሕግ የከፈተው ግማሽ ተከፈተ፤ ሕግ ያልደረሰበት ግማሽ እንደ ተቆለፈ ቀረ። በአሮጌ መኪና ናፍቆት የጠረጠርናቸው ሰው ከሁላችንም ቀድመው አዲሱን ዕውቀት የተማሩ መሆናቸውን ስናይ አፈርን። ጋሼ አዲሱን አይጠሉም፤ የሚጠሉት ዝምታውን ነው።

6. ከመኪና ወደ መንግሥት

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። በስደት ዓለም ሲኖር «የድሮው መንግሥት ይሻል ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፤ አቤት የሚባልበት ደጅ ይታወቅ ነበር» የሚል ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል። ይህ ናፍቆት ከአሮጌው መኪና ናፍቆት ጋር አንድ ነው፤ ስሕተቱም አንድ ነው። በዚያ ቀላል በሚመስል ሥርዓት ሥር ታኮ ይዞ የሚሮጥ፣ ጭሰኛ የሚባል ሰው ነበረ። ቀላልነቱ ለማን እንደ ነበረ እርሱን መጠየቅ ይገባል።

ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የመጣውን ስንመረምር እኛም የተማርነው ወገኖች ከተጠያቂነት አናመልጥም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲወጣ ቃሉን ገበሬው ያለ አስተርጓሚ ይረዳው ነበር፤ ኮፋኖው ክፍት ነበር። እያደር ግን ሌላ ስፍራ የተሠራ፣ መመሪያውም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ንድፈ ሐሳብ እንዳለ ተጭኖ መጣ። የሚፈቱት ጥቂቶች ሆኑ፤ ሲሰበርም የሚጠግነው ሕዝብ አልነበረም። ስሕተቱ ንድፈ ሐሳቡ ረቂቅ መሆኑ አልነበረም፤ የአንድ ትልቅ አገር ኑሮ ያለ ረቂቅ ሐሳብና ያለ ውስብስብ ተቋም አይመራም። ስሕተቱ ቁልፉ በሕዝቡ እጅ አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ ክበባችን ከስምምነት የደረሰበት ሐሳብ ይህ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ አውሮፕላን ወይም አንድ መንግሥት አስተማማኝ መሆኑን ለማወቅ አሮጌ ነው ወይስ አዲስ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሕይወቱን የጣለበት ሰው ውስጡን ለማየት ይችላል ወይ? ሲሰበር እንዲጠግነው ይፈቀድለታል ወይ? ጥፋት ሲደርስ የሚጠየቀው ምስጢሩን የያዘው ነው ወይስ መሪውን የያዘው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያልፍ ነገር የቱንም ያህል ቢወሳሰብ ልናምነው እንችላለን። የማያልፍ ግን እንደ ቮልስ ቀላል ቢሆን እንኳ አመኔታችን ከልማድ አያልፍም።

ይህን ጽሑፍ ስንዘጋ አንድ ነገር መሰወር አንፈልግም። ያለፈውን የመጽሔታችንን እትም ለጋሼ ሰጥተናቸው ነበር። ከሁለተኛው ገጽ ላይ ዘግተው፣ በትሕትና አመስግነው መለሱልን። ምንም ሳይሉ ሁሉን ነገሩን። ኮፋኖውን መክፈት እንግዲህ ከራሳችን ይጀምራል።